ጎመንዘርንና ዘመዶቹን በክሮሞዞምና በጂን ማስረጃ መለየት፦ ከዘር እስከ ውሳኔ

ጎመንዘርንና ሰናፍጭን ማዕድ ላይ የሚያምታታ ሰው የለም። የአንዱ ቅጠል ተቀቅሎ ይበላል፣ ዘሩም ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል፤ ሌላው በጾም ወራት ተፈጭቶና ተበጥብጦ አፍንጫን ይሰነፍጣል። ዘሮቻቸው በገበያ ቁና ውስጥ ሲቀላቀሉ፣ ችግኞቻቸው ገና ሁለት ቅጠል ሲያወጡ፣ ወይም ሁለቱ በአንድ ማሳ ዳር ተዳቅለው ማንነቱ ያልታወቀ ልጅ ሲወልዱ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም።

በእኔ እምነት ቅርብ ዘመድ የሆኑ ዕፅዋትን ለመለየት ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ጂን ተክሉ ከማን እንደተወለደ ይናገራል፤ ክሮሞዞም ደግሞ ከእያንዳንዱ ወላጅ ምን ያህል እንደወረሰ ይናገራል። አንዱ ብቻ ተሰምቶ የተሰጠ ፍርድ ይጣመማል። የሚጣመምበትን ቦታ ቀድሞ ያወቀ ሰው ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይተርፈዋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለዘር አባዢዎችና ተራ ማይክሮስኮፕ ላለው የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ነው። ምሳሌዬ ጎመንዘርና ዘመዶቹ ናቸው፤ መንገዱ ግን ለሌሎች ተክሎችም ይሠራል።

ዘመዶቹን ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ1935 በጃፓን ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ዎ ጃንግ ቹን፣ በጃፓንኛ ስሙ ናጋሃሩ ዩ፣ ስድስት የብራሲካ (የጎመን ወገን) ዝርያዎች እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። ሦስቱ መነሻ ዝርያዎች ናቸው። ሌሎቹ ሦስቱ መነሻዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲዳቀሉና የሁለቱም ክሮሞዞም በሙሉ በአንድ ተክል ውስጥ ሲደመር የተገኙ ናቸው። ሥዕሉ ሦስት ማዕዘን ስላለው እስከ ዛሬ «የዩ ሦስት ማዕዘን» ይባላል። ከአንድ መነሻ ዝርያ የመጣው የክሮሞዞም ስብስብ ጂኖም ይባላል፤ በፊደል ይሰየማል። እነዚህን ቁጥሮች በቃል ይያዙ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእነርሱ ላይ ይቆማል።

- ሰናፍጭ (ብራሲካ ኒግራ)፦ 16 ክሮሞዞም፣ ቢ የሚባለው ጂኖም
- ጥቅል ጎመንና መሰሎቹ (ብራሲካ ኦሌራሲያ)፦ 18፣ ሲ ጂኖም
- የቻይና ጎመን የሚመደብበት ብራሲካ ራፓ፦ 20፣ ኤ ጂኖም
- ጎመንዘር (ብራሲካ ካሪናታ)፦ 34፣ ቢ እና ሲ
- በሕንድ ለዘይት በስፋት የሚዘራው ብራሲካ ጁንሲያ፦ 36፣ ኤ እና ቢ
- የካኖላ ዘይት በብዛት የሚገኝበት ብራሲካ ናፑስ፦ 38፣ ኤ እና ሲ

ስለዚህ ጎመንዘር ሰናፍጭንና የጥቅል ጎመንን ወገን በአንድ ሰውነት የያዘ ተክል ነው፤ 16 እና 18 ተደምረው 34። ዘሩ ዛሬ ከአገራችን ጓሮ አልፎ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ሙሉ በሙሉ ከጎመንዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ አውሮፕላን በርሯል። ገበያው ሲሰፋ የዘር ንጽሕና ጥያቄም አብሮ ይሰፋል።

ወደ ላቦራቶሪ ከመግባትዎ በፊት ጥያቄዎን በወረቀት ላይ ይጻፉ። «ይህ ተክል ከስድስቱ የትኛው ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። «ንጹሕ ነው ወይስ ድቅል?» የሚለው ሌላ ነው። «እነዚህ ሁለት ሕዝቦች፣ ማለትም በየቦታቸው አብረው የሚበቅሉ ተክሎች፣ አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት?» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ለመጀመሪያው ጥቂት ተክሎች ይበቃሉ። ለሦስተኛው ከብዙ ቦታ የተሰበሰቡ ብዙ ተክሎች የግድ ናቸው። ጥያቄው ሳይለይ የተሰበሰበ ናሙና መጨረሻ ላይ የትኛውንም ጥያቄ አይመልስም።

ናሙናና መታወቂያው

ከእያንዳንዱ ተክል አራት ነገር ይውሰዱ፦ ተጨምቆ የሚደርቅ ሙሉ ቅርንጫፍ ከአበባውና ከፍሬው ጋር፣ ለዲኤንኤ የሚሆን ወጣት ቅጠል፣ ዘር፣ እና ገና ያልፈኩ ትንንሽ እምቡጦች። ለአራቱም አንድ ቁጥር ይስጡ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና አርሶ አደሩ የሚጠራበትን ስም ይመዝግቡ።

የደረቀውን ቅርንጫፍ በሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) ሳያስቀምጡ የዲኤንኤ ንባብ ማሳተም ለእኔ ተቀባይነት የለውም። ነገ አንድ ሰው ስያሜዎን ቢጠራጠር ተመልሶ የሚያየው ያ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ለዚህ ዓይነት ናሙና ትክክለኛው ቤት ነው። ናሙናው ወይም ዲኤንኤው ከአገር የሚወጣ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚመለከተው በመሆኑ አስቀድመው ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቁ።

ለዲኤንኤ የሚሆነውን ቅጠል ወዲያውኑ በሲሊካ ጄል ውስጥ ያድርቁት። የሲሊካው ክብደት የቅጠሉን ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን፤ ቅጠሉ በአንድ ቀን ውስጥ ደርቆ ሲታጠፍ የሚሰበር መሆን አለበት። እርጥብ ሆኖ በፕላስቲክ የታሸገ ቅጠል ላቦራቶሪ እስኪደርስ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል።

በዚሁ ጊዜ መልኩን በጥንቃቄ ይመልከቱ። የሰናፍጭ ፍሬዎች አጫጭር ሆነው ወደ ግንዱ ተጠግተው ይቆማሉ፤ የጎመንዘር ፍሬዎች ረዘም ብለው ከግንዱ ይርቃሉ። የብራሲካ ራፓ የላይኛው ቅጠል ግርጌው ግንዱን ያቅፋል፤ የጎመንዘርና የብራሲካ ጁንሲያ ግን አያቅፍም። የሚያስቸግረውም ይህ ነው፤ ጎመንዘርና ጁንሲያ በዓይን በጣም ይቀራረባሉ፣ በክሮሞዞም ቁጥርም የሚለያዩት በሁለት ብቻ ነው።

ከማይታወቀው ናሙና ጎን ሁልጊዜ የሚታወቅ ያስቀምጡ። የጥቅል ጎመን ዘር ከማንኛውም የግብርና መደብር ይገኛል። የተረጋገጠ የጎመንዘርና የሰናፍጭ ዘር ደግሞ ከምርምር ማዕከል ወይም ከጂን ባንክ ይጠይቁ፤ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በጎመንዘር ላይ ለረጅም ዘመን ሠርቷል።

የሥር ጫፍ ክሮሞዞም መቁጠር

ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ደረጃ ዘለው በቀጥታ ወደ ዲኤንኤ ይሄዳሉ። አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ለጥቂት ኬሚካል፣ ለምላጭና ለአንድ ጥሩ ማይክሮስኮፕ ይህን ያህል መልስ የሚሰጥ ሌላ ሥራ በዕፅዋት ሳይንስ ውስጥ አላውቅም።

ዘሩን በረጠበ ማጣሪያ ወረቀት ላይ፣ በፔትሪ ሳህን ውስጥ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቦታ ያብቅሉ። የብራሲካ ዘር ፈጣን ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ሥሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ከዚያ በላይ እንዲረዝም አይጠብቁ፤ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሴሎች ከጠቅላላው አንጻር እያነሱ ይሄዳሉ።

ሥሮቹን በ0.002 ሞላር ሃይድሮክሲኩኖሊን ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያቆዩ። ይህን ለማዘጋጀት 0.29 ግራም የስምንተኛው ቦታ ሃይድሮክሲኩኖሊን በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ በትዕግሥት እያማሰሉ ያሟሙ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። ኬሚካሉ ሴሉ ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትትባቸውን ክሮች ስለሚያፈርስ፣ ክሮሞዞሞቹ አጥረውና ተበትነው መሃል ላይ ይቀራሉ። ኬሚካሉን ያጣ ላቦራቶሪ ሥሮቹን በረዶ በሞላበት ውሃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ቢያቆይ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል። ኮልቺሲንም ይሠራል፤ ነገር ግን ብርቱ መርዝ ስለሆነ ተማሪዎች በሚሠሩበት ቦታ አልመክረውም።

ቀጥሎ ሥሮቹን ሦስት እጅ ንጹሕ ኤታኖልና አንድ እጅ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ በያዘ፣ በዚያው ቀን በተቀላቀለ ፈሳሽ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያስቀምጡ። ትናንት የተቀላቀለ አይጠቀሙ። ከዚያ ወደ 70 በመቶ ኤታኖል አዛውረው በማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ቢያኖሯቸው ለሳምንታት ይቆያሉ።

ለማለስለስ በ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ60 ዲግሪ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩ። አሲዱን ሲያቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይጨምሩ፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። በውሃ ካጠቡ በኋላ በ45 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ በተሟሟ 2 በመቶ ኦርሲን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያቅልሙ።

አሁን እጅ የሚፈተንበት ጊዜ ነው። በስላይድ ላይ፣ በአንድ ጠብታ 45 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ፣ ከሥሩ ጫፍ ደመቅ ብሎ የቀለመውን አንድ ሚሊሜትር ብቻ በምላጭ ቆርጠው ያስቀሩ፤ ሌላውን ይጣሉ። ስሱን ሽፋን መስታወት ጣል ያድርጉበት፤ በክብሪት እንጨት ጫፍ በእርጋታ እየመቱ ሴሎቹ እንደ ጭጋግ እስኪበተኑ ይቀጥሉ። ከዚያ በማጣሪያ ወረቀት መሃል አድርገው በአውራ ጣት ቀጥ ብለው ይጫኑ። መስታወቱ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሴሎቹ ይቀደዳሉና ያንን ስላይድ ትተው ሌላ ይሥሩ። ጠርዙን በጥፍር ቀለም ቢያሽጉት ለጥቂት ቀናት አይደርቅም።

በአነስተኛ ማጉያ የተበተነ ሴል ይፈልጉ፤ ሲያገኙ ወደ 100 ማጉያና ወደ ዘይት ይሂዱ። የብራሲካ ክሮሞዞሞች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ 34ን ከ36 መለየት የሚቻለው አንዱ በሌላው ላይ ያልተደረበበት ንጹሕ ሴል ሲገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶ ያንሱ፣ በፎቶው ላይ እያንዳንዱን በነጥብ ምልክት እያደረጉ ይቁጠሩ፣ ሌላ ሰውም የእርስዎን ቁጥር ሳያይ ይቁጠር። ከአንድ ተክል ቢያንስ አሥር ንጹሕ ሴሎች፣ ከአንድ ሕዝብ ደግሞ ቢያንስ አምስት ተክሎች እንዲሆኑ እመክራለሁ። ከሴሎቹ ጥቂቶቹ 33 ወይም 32 ቢያሳዩ አይደንግጡ፤ ሲጫኑ ክሮሞዞም ከሴሉ አምልጦ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ቁጥር፣ በተለይም ከንጹሐኑ ሴሎች የተገኘው ከፍተኛ ቁጥር፣ ነው የሚታመነው። ከሚጠበቀው በላይ የሆነ ቁጥር ሲያዩ ግን ሁለት ሴሎች ተደራርበው እንዳይሆን ይመርምሩ።

በእምቡጥ ውስጥ፦ ማን ከማን ጋር ይጣመራል?

የሥር ጫፍ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። እምቡጡ ደግሞ ዝምድናን ያሳያል። የአበባ ብናኝ የሚሆኑት ሴሎች በሚዮሲስ (የክሮሞዞምን ቁጥር በግማሽ በሚቀንሰው የሴል ክፍፍል) ሲከፈሉ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ጓደኛውን ፈልጎ ይጣመራል። ጓደኛ ያጣ ክሮሞዞም ብቻውን ይቀራል፤ ብቸኝነቱም በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ወጣት የአበባ ጉንጉን ከላይ በተገለጸው የኤታኖልና የአሴቲክ አሲድ ፈሳሽ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያስቀምጡ። እምቡጦቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ያሉትን በየተራ ይሞክሩ። ከብናኝ ከረጢቶቹ አንዱን በካርሚን ቀለም ውስጥ ፍርጥ አድርገው ይመልከቱ። አራት አራት ሆነው የተያያዙ ሴሎች ካዩ ዘግይተዋል፤ ወደ ትንሹ እምቡጥ ይመለሱ። የብራሲካ አበባ አራት ረጃጅምና ሁለት አጫጭር ብናኝ ተሸካሚዎች ስላሉት፣ ከአንድ እምቡጥ ስድስት ዕድል አለዎት።

ንጹሕ ጎመንዘር 17 ጥንድ ያሳያል፤ ጁንሲያ 18 ጥንድ። ጥቃቅኖቹን ክሮሞዞሞች በተመለከተ 34 እና 36ን ከመለየት 17 እና 18ን መለየት በእጅጉ ይቀላል። በዚህ ምክንያት ለእነዚህ ሁለቱ እኔ እምቡጡን ከሥሩ አስበልጣለሁ።

የዚህ ደረጃ እውነተኛ ጉልበት ግን በድቅሎች ላይ ይታያል። ጎመንዘርና ሰናፍጭ ቢዳቀሉ ልጁ ከጎመንዘር 17፣ ከሰናፍጭ 8፣ በድምሩ 25 ክሮሞዞም ይይዛል። ከሁለቱም ወላጅ የመጡት የቢ ክሮሞዞሞች ተጣምረው 8 ጥንድ ይሆናሉ፤ የሲ ወገን የሆኑት 9ኙ ጓደኛ ያጣሉ። አንዳንዴ የቢ እና የሲ ክሮሞዞሞች ሩቅ ዝምድናቸውን አስታውሰው ሦስት ሆነው ሊያያዙ ስለሚችሉ ቁጥሩ በጥቂቱ ይዋዥቃል፤ አጠቃላይ መልኩ ግን አይሰወርም።

አብሮ የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ከፈካ አበባ ብናኝ አራግፈው በካርሚን ያቅልሙና ቢያንስ 300 ፍሬ ይቁጠሩ። ሞላ ብሎ በቀይ የቀለመው ጤነኛ ነው፤ የተጨማደደውና የገረጣው መካን ነው። የመካኖቹ ብዛት ከታወቀው ንጹሕ ተክል እጅግ ከበለጠ ድቅልን ይጠርጥሩ። ሙቀትና ድርቅም ብናኝን ስለሚያመክኑ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የዲኤንኤ ክብደት መለካት

ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባል መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ቢያገኙ፣ መቶ ተክል በጥቂት ቀናት መመርመር ይችላሉ። አንድ ቁራጭ ትኩስ ቅጠል መጠኑ ከሚታወቅ ተክል ቅጠል ጋር በመሣሪያው ማዘጋጃ ፈሳሽ ውስጥ በአዲስ ምላጭ ይከታተፋል፤ ተጣርቶም አርኤንኤን በሚያጠፋ ኢንዛይምና በፕሮፒዲየም አዮዳይድ ይቀልማል። መሣሪያው የእያንዳንዱን ኒውክሊየስ ድምቀት ይለካል፤ ውጤቱንም በግራፍ ላይ ጫፍ አድርጎ ያሳያል።

ለመለኪያነት ስቱፒትስኬ የሚባለው የቲማቲም ዘር ምቹ ነው፤ በሰውነት ሴሉ 1.96 ፒኮግራም ዲኤንኤ አለው። የሰናፍጭ ሴል 1.3 ፒኮግራም ገደማ፣ የጎመንዘር ደግሞ 2.6 ገደማ ስለሚይዝ ቲማቲሙ በመካከላቸው ይወድቃል፤ ጫፎቻቸውም አይደራረቡም። የቲማቲሙ ጫፍ 200 ላይ፣ የናሙናው 265 ላይ ቢቆም፣ 265ን ለ200 አካፍለው በ1.96 ያባዙ፤ 2.6 ያገኛሉ። የጫፉ ስፋት ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ልኬቱን ይድገሙ። ጁንሲያና ናፑስ ከጎመንዘር የሚያንሱት በመጠኑ ስለሆነ በዚህ ደረጃ ብቻ አይፍረዱባቸው።

ዲኤንኤ ማውጣትና የክሎሮፕላስት ወጥመድ

ከደረቀ ቅጠል ዲኤንኤ ለማውጣት የታወቀው ሲታብ የሚባለው መንገድ አሁንም ያስተማምናል። ቅጠሉን በሙቀጫ አድቅቀው በ65 ዲግሪ በሞቀ የሲታብ ፈሳሽ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያቆዩ። 24 እጅ ክሎሮፎርምና 1 እጅ አይሶአሚል አልኮል ጨምረው በሴንትሪፊዩጅ ያሽከርክሩ፤ የላይኛውን ፈሳሽ ብቻ ወስደው በቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል ዲኤንኤውን ያስተኙ፤ በ70 በመቶ ኤታኖል ይጠቡ። የክሎሮፎርሙ ሥራ በጭስ መሳቢያ ሥር ይሁን። በብርሃን መለኪያ የ260 እና የ280 ንጽጽር 1.8 አካባቢ ከሆነ ይቀጥሉ።

አሁን የትኛውን ጂን እናንብብ? አብዛኛው ሰው እጁን የሚሰደው ወደ አርቢሲኤልና ወደ ማትኬ ነው። ሁለቱ ለዕፅዋት የባርኮድ ጂን ተብለው የተመረጡ፣ በክሎሮፕላስት (ብርሃንን ተጠቅሞ ምግብ በሚሠራው የሴሉ አረንጓዴ ክፍል) ውስጥ የሚገኙ ናቸው። በጎመንዘር ላይ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ። በእነዚህ ተክሎች ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ነው። ጎመንዘር ሲፈጠር እናቲቱ ሰናፍጭ ነበረች። ስለዚህ የጎመንዘርን ክሎሮፕላስት አንብቦ ከመረጃ ቋት ጋር ያመሳከረ ሰው የሚያገኘው መልስ ወደ ሰናፍጭ ያመዝናል፤ የጥቅል ጎመን ወገን ከነአካቴው አይታይም። ንባቡ ንጹሕ፣ ቁጥሩ ከፍተኛ፣ መደምደሚያው ግን ስሕተት ይሆናል። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ባለ 44 ክሮሞዞሙ ኮፊያ አራቢካ ባለ 22 ከሆኑት ከኮፊያ ዩጂኒዮይደስና ከኮፊያ ካኔፎራ የተወለደ ሲሆን ክሎሮፕላስቱ የሚመሰክረው ለዩጂኒዮይደስ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ክሎሮፕላስት ይጣል ማለት አይደለም። ድቅል መሆኑ በሌላ መንገድ ለታወቀ ተክል እናቱን የሚነግረን እርሱ ነው። ጥያቄው «እናቱ ማን ናት?» ሲሆን ይጠይቁት።

ከኒውክሊየስ የሚነበበው አይቲኤስ የሚባለው ክፍል የተሻለ ይመስላል፤ እርሱም የራሱ ፈተና አለው። ከሁለት ወላጅ በተወለደ ዝርያ ውስጥ የሁለቱም ቅጂ አብሮ ሊኖር ስለሚችል በንባቡ ላይ ሁለት ጫፎች በአንድ ቦታ ተደራርበው ይታያሉ። ተደራራቢ ጫፍ ያለበትን ንባብ «የተበላሸ» ብለው አይጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ማስረጃው ነው። በተቃራኒው በዘመናት ሂደት አንደኛው ቅጂ ሌላውን ውጦት ሊገኝም ይችላል፤ ስለዚህ ነጠላ ቅጂ ማየት ድቅልነትን አያስቀርም።

ሦስት ፕራይመር፣ ስድስት ዝርያ

ለዘር ንጽሕና ሥራ ከሁሉ የምወደው መንገድ ይህ ነው። በኤ ጂኖም ላይ ብቻ የሚሠራ አንድ ጥንድ ፕራይመር (የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍል እንዲባዛ የሚያስጀምር አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ)፣ በቢ ብቻ የሚሠራ ሌላ፣ በሲ ብቻ የሚሠራ ሦስተኛ ያዘጋጁ። የስድስቱም ዝርያዎች ሙሉ ጂኖም ተነቦ በይፋ ስለሚገኝ፣ በአንዱ ውስጥ ብቻ ያለውን ክፍል በኮምፒውተር መፈለግ ዛሬ የተማሪ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ጂኖም ግን አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም፤ በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ ያሉ ብዙ ቦታዎች ይምረጡ።

የተባዛው ዲኤንኤ በሚታይበት ጄል ላይ ቢ ብቻ ከታየ ሰናፍጭ፣ ሲ ብቻ ከታየ የጥቅል ጎመን ወገን፣ ኤ ብቻ ከሆነ ራፓ ነው። ቢ እና ሲ አብረው ከታዩ ጎመንዘር፣ ኤ እና ቢ ጁንሲያ፣ ኤ እና ሲ ናፑስ። ሦስቱም ከታዩ ድቅል ወይም የተቀላቀለ ናሙና በእጅዎ ላይ አለ።

በእያንዳንዱ ዙር የሚታወቁትን ዝርያዎች ሁሉ፣ እንዲሁም ዲኤንኤ የሌለበት ባዶ ቱቦ ያካትቱ። በባዶው ቱቦ ውስጥ ምልክት ከታየ የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ ይቅር።

ጂኖች ስንት የሚለውን የማይመልሱት እዚህ ላይ ነው። ቢ እና ሲ አብረው የታዩበት ተክል ባለ 34 ጎመንዘር ሊሆን ይችላል፤ ባለ 25ቱ የጎመንዘርና የሰናፍጭ ድቅልም ያው ምልክት ያሳያል፤ ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን በቀጥታ የተወለደው ባለ 17 መካን ድቅልም እንዲሁ። ጄሉ ለሦስቱም አንድ ፊት አለው። የሚለያቸው የሥር ጫፉ ነው። ሙሉ ጂኖም ለማንበብ አቅም ያለው ላቦራቶሪ የንባቡን ጥልቀት በማየት ከሁለቱ አንዱን ይለያል፤ በባለ 25ቱ ውስጥ የቢ ንባብ የሲን ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናልና። ባለ 17ቱ ግን እንደ ጎመንዘር እኩል በእኩል ስለሆነ በዚህም መንገድ አይያዝም።

የሁለቱን ምስክሮች ቃል በአንድ ስላይድ ላይ ማየት የሚሻ ሰው የሰናፍጭን ዲኤንኤ በሚያበራ ቀለም ምልክት አድርጎ፣ ያልተቀለመ የጥቅል ጎመን ዲኤንኤ በመከላከያነት ጨምሮ፣ በጎመንዘር ክሮሞዞሞች ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። ከ34ቱ 16ቱ ያበራሉ፤ 18ቱ ይጨልማሉ። የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከባድ ነው፤ ቢ ከሌሎቹ በጣም የራቀ ስለሆነ ግን በዚህ ቡድን ውስጥ ያምራል። ኤ እና ሲ ስለሚቀራረቡ ናፑስ ላይ እንዲህ ንጹሕ ውጤት አይጠብቁ።

ማስረጃዎቹ ሲጋጩ

ቅርጹ፣ ቁጥሩና ኒውክሊየሱ ከተስማሙ ስሙን በልበ ሙሉነት ይጻፉ። ካልተስማሙ የመጀመሪያ ጥርጣሬዎ በናሙና ቁጥሩ ላይ ይሁን፤ ያንኑ ተክል ከቅጠሉ ጀምረው ይድገሙት። ከድግግሞሹ በኋላም ክሎሮፕላስቱ አንድ፣ ኒውክሊየሱ ሌላ ከተናገረ ግጭቱ ራሱ የድቅል ታሪክ ነው። ቁጥሩ 34፣ ጄሉ ቢ እና ሲ፣ ብናኙ ግን ግማሹ መካን ከሆነ በሚዮሲስ ውስጥ ጥንዶቹን ይቁጠሩ፤ አንዳንድ የድቅል የልጅ ልጆች ቁጥራቸውን አስተካክለው ውስጣቸው የተበታተነ ሆኖ ይገኛልና።

ቁጥሩ እኩል ሲሆን፦ የጤፍ ጉዳይ

ክሮሞዞም የማይለያቸው ዘመዶች አሉ። አጃ 42 ክሮሞዞም ሲኖረው ሲናር 28 ስለሆነ አንድ ጥሩ ስላይድ ክርክሩን ይዘጋዋል። ጤፍና የቅርብ ዱር ዘመዱ ኢራግሮስቲስ ፒሎሳ ግን ሁለቱም 40 ክሮሞዞም አላቸው። ቢዳቀሉም ፍሬያማ ልጅ ይወልዳሉ፤ ቀይ ሙሪ የሚባለው ጤፍ ከፒሎሳ ጋር ተዳቅሎ ልጆቹ የጂን ካርታ ለመሥራት አገልግለዋል። የሥር ጫፍ ቆጠራ እዚህ የሚያገለግለው ሌሎች የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ኢራግሮስቲሶች ከጨዋታው ለማስወጣት ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ መንገዱ ይቀየራል። ከተለያዩ አካባቢዎች ከሁለቱም ወገን ብዙ ተክሎች ይሰብስቡ፤ ከጂኖሙ ሁሉ የተበተኑ በርካታ የአንድ ፊደል ልዩነቶችን በአንድ ጊዜ ያንብቡ። ጤፍም ከሁለት ወላጅ የመጡ ሁለት ጂኖሞች ስላሉት፣ ከአንደኛው የተነበበ ፊደል ከሌላኛው ጋር እንዳይምታታ እያንዳንዱን ንባብ በየጂኖሙ ለይተው ያስቀምጡ። ይህ ሳይደረግ የወጣ «ልዩነት» ብዙ ጊዜ በአንድ ተክል ውስጥ ያሉት የሁለቱ ጂኖሞች ልዩነት ነው።

ከዚያ ተክሎቹ ያለ ስም፣ በጂን ብቻ ተመድበው ሁለት ወገን ይሆኑ እንደሆነ ይመልከቱ። የቡድኖቹን ድንበር ከአንድ የማይካድ የቅርጽ ልዩነት ጋር ያስተያዩ፤ የጤፍ ፍሬ ሲደርስ ከዛላው ሳይረግፍ አጫጁን ይጠብቃል፣ የፒሎሳ ይረግፋል። በድንበሩ ላይ የቆሙ፣ ግማሽ ጂናቸው ከዚህ ግማሹ ከዚያ የሆኑ ተክሎች ካሉ ለእነርሱ ስም ለመስጠት አይቸኩሉ። በሄርባሪየሙ ወረቀት ላይ «ጤፍ በፒሎሳ፣ ድቅል ሊሆን የሚችል» ብለው ይጻፉ፤ ቁጥሩን፣ የተነበቡትን ቦታዎችና የብናኙን ውጤት ከሥሩ ያስፍሩ፤ ዘሩንም አብረው ያስቀምጡ፤ ቀጣዩ መርማሪ ዘርቶ እንዲያየው።